ቅዳሜ የተቦካ ከሰል

ሬሳው የተገኘው ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ግማሹ የሐዋሳ ሰው ገዳዩን በስሙ እየጠራ ይረግመው ነበር። ከፖሊስ ጣቢያው ያልረገመችው ኢንስፔክተር ሸዋዬ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን ከመስክ ሥራ የተመለሰችው በዚያው ጠዋት ስለሆነ ነው።

ሳጅን ሞገስ ፋይሉን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና እስክሪብቶውን በላዩ አጋደመው።

«የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።»

«እስቲ በአፍህ ንገረኝ። ወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ያምራል።»

«ሟቹ አቶ ወልደአማኑኤል ናቸው። የ‹ግራር ጥላ› መሥራች።»

«ግራር ጥላ»ን ሸዋዬ ታውቀዋለች። መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጎን ያለ ግቢ ነው። እዚያ ሃያ ሴቶች የቡና ገለፈት ያከስላሉ፣ ከሸክላ አፈር ጋር ያቦካሉ፣ በማሽን ይጨምቁና ብሪኬት የሚሉትን ከሰል ያወጣሉ። ትርፉ ማንም ኪስ አይገባም። ከቡሹሎ ወዲያ ያለውን የግራር ደን የሚጠብቁት አሥራ ሁለት ሰዎች ደመወዛቸውን የሚያገኙት ከዚያ ነው። ዛፍ ያልነካ ከሰል ተሸጦ፣ በሽያጩ ዛፍ ይጠበቃል። የአቶ ወልደአማኑኤል ሐሳብ ይኸው ነበር፤ ሌላ ሐሳብም አልነበራቸው።

«ወባ ይዟቸው ነበር» ሲል ሞገስ ቀጠለ። «ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ሠራተኛው ሁሉ ሲወጣ እሳቸው መድኃኒታቸውን ውጠው ከቢሮው ኋላ ባለችው ትንሽ ክፍል ተኙ። ግቢው ውስጥ የቀረው ዘበኛው ኩማ ብቻ ነው። አሥር ተኩል ላይ ሚስታቸው ደውለው ስልካቸው ሳይነሳ ሲቀር ኩማን ‹እይልኝ› አሉት። ገባ። ሞተዋል። በሩም መስኮቱም ተዘግቷል፣ አልጋው አጠገብ የከሰል ምድጃ አለ። ሐኪሙ የከሰል ጭስ ነው ብሏል።»

«ወባ ያንቀጠቅጣል። ብርድ ብርድ ሲላቸው ራሳቸው አስገብተውት ቢሆንስ?»

«እኔም መጀመሪያ ያልኩት እሱን ነው። ግን ክፍሏ ድሮ መጋዘን ነበረች፣ የመስኮቱ መቀርቀሪያ በውጭ በኩል ነው። ከውስጥ የተኛ ሰው በውጭ አይቀረቅርም።»

«ጎበዝ።»

ሞገስ ደስ አለውና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ምድጃው የኩማ ነው። አልካደም። ዓርብ ዕለት ከሟቹ ጋር ሲጯጯሁ ሴቶቹ ሁሉ ሰምተዋል። በምን ተጣላህ ሲባል አፉን ዘጋ። በዚያ ላይ ድሮ ከሰል አክሳይ ነበር፤ ያንኑ ደን ሲቆርጥ ታስሮ ያውቃል። ከዚህ በላይ ምን ይምጣልኝ?»

«ምን ጠየቀ?»

«ማ?»

«ኩማ። የታሰረ ሰው አንድ ነገር ይጠይቃል።»

«ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ‹አፈር ላልብሳቸው› ይላል። ሌላ ምንም አልጠየቀም። ሚስትየዋ ደግሞ ‹ገዳዩ እዚያ ከደረሰ እኔ ራሴ ጉድጓዱ ውስጥ እገባለሁ› ብለዋል።»

ሸዋዬ ሰዓቷን አየች። ሁለት ሰዓት ከሩብ። እስክሪብቶውን ከፋይሉ ላይ አንስታ ለሞገስ መለሰችለት። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አንድ ክፉ ልማድ አላት ይሏታል፦ የተመለሰላትን ጥያቄ እንደገና ትጠይቃለች። ሰው ይሰለቻታል። የተሰለቸ ሰው ደግሞ መዋሸት ይደክመዋል።

*

ኩማ ስልሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ጣቶቻቸው እንደ ሥር የተቆላለፉ ሽማግሌ ናቸው። እስር ቤቱ ውስጥ ግድግዳ ሳይደገፉ ተቀምጠው ነበር።

«አባባ ኩማ፣ ምድጃው ከእጅዎ እንዴት ወጣ?»

«ዝናብ መጣ። ስምንት ሰዓት ገደማ። ሴቶቹ ጠዋት የጨመቁት ከሰል ግቢው ውስጥ ጣውላ ላይ ተዘርግቷል። እርጥብ ነው። ዝናብ ሲመታው ፊቱ ይቦረቦራል፣ ፈንጣጣ የያዘው ይመስላል። ላስቲክ ይዤ ሮጥኩ። ስድስት ረድፍ ነው። ከበሩ ወገን አራቱን አለበስኩ። የኋላዎቹን ሁለቱን አልደረስኩባቸውም፣ ተመቱ። ስምንት ተኩል ላይ አባርቶ ስመለስ ምድጃዬ ከቢሮው በረንዳ ላይ የለም።»

«ምን ነበር የሚነድበት?»

«ስባሪ። የተሰበረውን ብሪኬት ለዘበኛ ይሰጡናል። በቆሎ ልጠብስ ነበር።»

«ማን ወሰደው አሉ?»

«የወፍጮ ቤቱ ጎረምሶች መሰሉኝ። ቆሜ ተሳደብኩ። እሳቸው እዚያው ግድግዳ ኋላ እየሞቱ፣ እኔ ስለ ምድጃ እሳደባለሁ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ።

«መስኮቱን ዝናብ እንዳይገባ ብለው ዘግተውት ይሆን?»

«አልዘጋሁም።»

«ሰው ገባ?»

«በእኔ በር ማንም አልገባም።»

«ዓርብ በምን ተጯጯሁ?»

ኩማ የተቆላለፉ ጣቶቻቸውን አዩ።

«ዓርብ በምን ተጯጯሁ፣ አባባ ኩማ?»

«‹እኔ ራሴ እስክናገረው ለማንም አትናገር› አሉኝ። እሺ አልኩ። አልተናገሩትም፣ ሞቱ። አሁን ከቃሌ ማን ይፍታኝ?»

«ቃልዎ እስከ መሰቀያው ሊያደርስዎት ነው እኮ!» አለ ሞገስ ከበሩ። «ተናገር በቃ!» አንዴ «እርስዎ»፣ አንዴ «አንተ» እያለ ምላሱ ተወላገደ።

ኩማ ቀና ብለው አዩት። «ልጄ፣ ከሰል የሠራሁ ሰው ነኝ። እሳት ይዤ መቆየት እችላለሁ።»

ከዚያ ወጥታ ሸዋዬ ያስመጣችው ምድጃውን ነበር። ጋዜጣ ዘርግታ አመዱን በማንኪያ ጫፍ እንደ ገንፎ ፈለቀቀችው። ከላይ ያለው ነጭና ልም ዱቄት ነው፤ እፍ ቢሉት ይበናል። ከሥሩ ግን ግራጫ ቁርጥራጮች ቅርፃቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ጠርዛቸው እንኳ አልጠፋም።

«አመድ አመድ ነው» አለ ሞገስ።

«አንተ ምግብ አብስለህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ይታወቃል።»

*

ግቢው ሰኞ ዝግ ነበር፤ ሁሉም ለቅሶ ላይ ነው። በሩን የከፈተችላቸው ሀሴት ናት፣ የሽያጭ ኃላፊዋ፣ ሠላሳ ያልሞላት ልጅ። ጥቁር ለብሳለች፤ ስልኳን ከእጇ አታስቀምጥም። ሞገስ ዓይኑን ስልኳ ላይ ተከለ።

ሸዋዬ በመጀመሪያ ክፍሏን አየች። ጠባብ ናት፤ አልጋና ወንበር ካስገቡባት ሰው አይዞርባትም። መስኮቷ ወደ ጓሮ ነው። ከበሩ ሆኖ ያንን መስኮት ማየት አይቻልም፣ ቢሮው ይጋርደዋል። የኋላዎቹ ሁለት ረድፎችም ከዘበኛው ዓይን የተከለሉ ናቸው። ከእነሱ ቀጥሎ የማሽኑ ቤት፣ ከማሽኑ ቤት ጎን ቁልፍ ያለው መጋዘን፣ ከዚያ ወደ ወፍጮ ቤቱ ቅያስ የሚያወጣ የጓሮ በር። የጓሮ በሩ ተቆልፏል። ወፍጮው ያለማቋረጥ ያጓራል፤ ለመነጋገር መጮህ አለብህ።

«የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?» ብላ ጮኸች ሸዋዬ።

«እኔና አሸናፊ ጋ! የሆቴሎች ትእዛዝ ነው እዚያ የሚቀመጠው፤ በከረጢት ተሰፍቶ!»

«የጓሮ በሩስ?»

«የእሱ አሸናፊና ጋሼ ጋ። ጋሼ ኪስ ውስጥ ፖሊስ አግኝቶታል አሉ።»

«ማሽኑስ?»

«የኤሌክትሪኩ ሳጥን ተቆላፊ ነው። የሱን አሸናፊ ብቻ ነው የሚይዘው። የማሽን ኃላፊ እሱ ነው፤ የደን ጠባቂዎቹን ተራ የሚያወጣውም እሱ። እሱ ባይኖር ይሄ ቦታ አንድ ወር አይቆይም።»

«አንቺ ቅዳሜ የት ነበርሽ?»

«መዘምራን ልምምድ። ከሰባት እስከ አሥራ አንድ።» ስልኳን ይበልጥ ጨበጠችው። «ሠላሳ ሰው አይቶኛል።»

«ስልክሽ ምን ይላል?»

«ምንም።»

«ስልክሽ ምን ይላል፣ ሀሴት?»

ልጅቷ አለቀሰች። «ሆቴሎቹ ናቸው። ‹ለዛሬ አራት ሰዓት ጠርተሽን ነበር፣ ስብሰባው ቀረ ወይ› ይላሉ። ዓርብ ማታ ጋሼ ‹ለሰኞ የሆቴሎቹን ኃላፊዎች ሁሉ ጥሪልኝ፣ ይቅርታ የምንጠይቃቸው ነገር አለ› አሉኝ። በእኔ የተነሳ መሰለኝ። ለደንበኛ አብዝቼ ቃል እገባለሁ፣ አውቃለሁ። ለአሸናፊ ስነግረው ‹አታስቢ፣ እኔ አናግራቸዋለሁ› አለኝ።»

ሸዋዬ ወደ ኋላዎቹ ረድፎች ሄደች። እርጥቡ ከሰል ከቅዳሜ ወዲህ ፀሐይ መቶት ደርቋል፤ ያገላበጠው ሰው የለም። አምስተኛው ረድፍ ሙሉ በሙሉ በዝናብ ተቦርቡሯል፣ ኩማ እንዳሉት ፈንጣጣ ይመስላል። ስድስተኛውም እንደዚያው ነው። ግን ከጥጉ አሥራ አንድ ጣውላዎች ፊታቸው እንደ ሳሙና ልስልስ ነበር።

ጎንበስ ብላ ከሁለቱም ዓይነት አንድ አንድ አነሳች፣ ሰበረቻቸው፣ ውስጣቸውን ለብርሃን አዞረች፣ በየወረቀቱ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ምን አገኙ?» አለ ሞገስ።

«ልስልስ ፊት። ልስልስ ፊት ሁልጊዜ ያጠራጥረኛል።»

*

አቶ አብዱልፈታህ የቡና ገለፈት ነጋዴ ናቸው፤ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ አላቸው። ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ ግቢው ድረስ መጥተው ሲቆጡ ተሰምተዋል። ይህንን ሞገስ በወረቀቱ ጥግ ጽፎት ነበር። ሱቁ ውስጥ ሲገቡ ሰውየው ከመቀመጫቸው አልተነሱም።

«ስትመጡ አውቅ ነበር። ሻይ ትጠጣላችሁ ወይስ ቀጥታ ታስሩኛላችሁ?»

«ሻይ» አለች ሸዋዬ። «ቅዳሜ ምን አስቆጣዎት?»

«አምስት ዓመት ገለፈት ያቀረብኩት እኔ ነኝ፣ በዝናብም በጭቃም። ዘንድሮ ‹ትእዛዛችን በእጥፍ አደገ› እያሉ ከተማውን ያወሩበታል። ከእኔ የሚወስዱት ግን በግማሽ ቀነሰ! ሌላ ነጋዴ ይዘዋል ማለት ነው። ወልደአማኑኤልን ‹ንገረኝ፣ ማነው?› አልኩት።»

«እሳቸውስ?»

«ትኩሳቱ ይታያል፣ ይንቀጠቀጣል። ‹አብዱ፣ ሌላ ነጋዴ የለም። ነጋዴ በኖረና በተደሰትኩ› አለኝ። ምን ማለት ነው ይሄ? ተናድጄ ወጣሁ። አላህ ይማረው፣ የመጨረሻችን ሆነ።»

«ሌላ ነጋዴ የለም አሉ?»

«አሁን ነገርኩሽ እኮ እህቴ።»

«አዎ፣ ነገሩኝ።» ሻይዋን ጠጥታ ጨረሰች።

*

ለቅሶ ቤቱ በድንኳን ተከቧል። አሸናፊ በሸሚዝ እጀታው ላይ ጥቁር አስሮ ወንበር ያድላል፣ ሰው ያስቀምጣል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ኢንስፔክተሯን ሲያይ ራሱ ቀረበ።

«ኩማን መቼ ነው ፍርድ ቤት የምታቀርቡት? እትዬ ሙሉጌጥ እንቅልፍ አጥታለች።»

«አንተ ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ቡሹሎ፣ አክስቴ ጋ። ስድስት ሰዓት ላይ ከሁሉም ጋር ወጣሁ፣ ማታ ነው የሰማሁት።»

«ማሽኑ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሠርቷል?»

«አልሠራም። ሳጥኑን ቆልፌ ነው የወጣሁት።»

«ማሽኑ ከስድስት ሰዓት በኋላ አልሠራም?»

«አልሠራም አልኩዎት፣ ኢንስፔክተር» አለ፣ በትሕትና። «ወፍጮ ቤቱን ሰምቶ የተሳሳተ ካለ እንጃ።»

ወይዘሮ ሙሉጌጥ፣ የሟች ሚስት፣ የሴቶቹም አለቃ ናቸው። ራሳቸው ሲጨምቁ የኖሩ ስለሆነ የጥፍራቸው ሥር ጥቁር ነው፤ የለቅሶ ውኃ አላስለቀቀውም። ሸዋዬ አጠገባቸው ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። የእናንተ ከሰል ሲነድ አመዱ ምን ይሆናል?»

ሴትዮዋ እንደ እብድ አዩአት። «ዛሬ ስለ አመድ ትጠይቂኛለሽ? ቅርፁን ይዞ ይቆማል። ሸክላ አለበት። ደንበኞች ‹ከሰላችሁ ሞቶም አይጋደምም› እያሉ ይስቁብናል።»

«የዛፍ ከሰልስ?»

«እሱማ ይበናል።»

«ሁለተኛው። ከሰሉን አቡክታችሁ ሳትጨምቁት ብትሄዱስ?»

«ማን ይሄዳል? ከተቦካ አያድርም። ማሽኑ አፍ ውስጥ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ በመዶሻም አይወጣ። ቤት ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ ጨምቀን ነው የምንሮጠው።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ያንን ውሻ በእጄ ሥራ አስተምሬው ባሌን... ከዱር አውጥተን፣ ዩኒፎርም አልብሰን...»

«ወይዘሮ ሙሉጌጥ፣ ሰባት ተኩል ላይ ግቢው ይምጡ። ግማሽ ሰዓት ብቻ። ሬሳው ሳይወጣ ይመለሳሉ።»

«ኩማ ይኖራል?»

«ይኖራል።»

«ታዲያ አልመጣም።»

«ይመጣሉ» አለች ሸዋዬ። «ካልመጡ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚቀብሩት ባልዎን ብቻ አይሆንም። የአንድ ንጹሕ ሰው ስምም አብሮ ይቀበራል።»

*

ሰባት ተኩል ላይ ስድስተኛው ረድፍ አጠገብ ቆሙ። ሀሴት፣ አሸናፊ፣ አቶ አብዱልፈታህ፣ ጀርባቸውን ለኩማ የሰጡት ወይዘሮ ሙሉጌጥ፣ እጃቸው የታሰረው ኩማ፣ ከጎናቸው ሞገስ። ወፍጮ ቤቱን ሞገስ ሄዶ አስቁሞታል። ግቢው እንዲህ ጸጥ ሲል ሰምተውት ስለማያውቁ ሁሉም አንገታቸውን ቀለስ አደረጉ።

«ሰዓት የለንም» አለች ሸዋዬ። «አቶ ወልደአማኑኤልን ሰው ገድሏቸዋል። መስኮቱ በውጭ ነው የተቀረቀረው። ምድጃው የአባባ ኩማ ነው፣ ስለዚህ ሁላችሁም አባባ ኩማ አላችሁ። እኔ ግን ምድጃውን ትቼ አመዱን አየሁ። አመዱ ሁለት ነው። ከሥር ያለው ቅርፁን ይዞ ቆሟል። እሱ ለዘበኛ የሚሰጠው ስባሪ ነው፣ ሴቶቹ የጨመቁት። ከላይ ያለው ግን በኗል። ያ የዛፍ ከሰል ያለበት ነው። በዚህ ግቢ!»

«የዛፍ ከሰል እዚህ አይገባም» አሉ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ሳይዞሩ። «በባሌ ሬሳ እምላለሁ።»

«አይማሉ።» ሸዋዬ አንዱን ወረቀት ፈታች። «አባባ ኩማ፣ ስለ ዓርብ አልጠይቅዎትም፤ ቃልዎን ይያዙ። የምጠይቅዎት አሁን እጄ ላይ ስላለው ነው። ይሄ ምንድን ነው?»

ኩማ የታሰሩ እጆቻቸውን አንድ ላይ ዘረጉ። ስባሪውን በአውራ ጣታቸው ፈጩት፣ አሸተቱት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ግራር ነው» አሉ። «ገለፈቱ ትንሽ ነው። ግራር ነው፣ ቅርፊቱ እንኳ አልተላጠም።»

ወይዘሮ ሙሉጌጥ ዞሩ።

«ከዚህ ነው ያነሳሁት፣ ከዚህ ጥግ» አለች ሸዋዬ። «እነዚህን አሥራ አንድ ጣውላዎች እዩዋቸው። ጎናቸው ያሉት ሁሉ በዝናብ ተቦርቡረዋል። እነዚህ ልስልስ ናቸው። ላስቲክ የለበሱት አራቱ ረድፎች ከበሩ ወገን ናቸው፤ እዚህ ላስቲክ አልደረሰም። ስለዚህ እነዚህ ዝናቡ ሲዘንብ አልነበሩም። ካባራ በኋላ ነው የተጨመቁት። ቅዳሜ፣ ከስምንት ሰዓት ተኩል በኋላ ማለት ነው። አቶ ወልደአማኑኤል እዚያ ግድግዳ ኋላ ጭስ ሲስቡ አንድ ሰው እዚህ ማሽን ያዞር ነበር። ወፍጮው ስለሚያጓራ ማንም አልሰማም።»

አቶ አብዱልፈታህ በዝግታ አሸናፊን አዩት። «ገለፈቴ ለምን እንደቀነሰ አሁን ገባኝ» አሉ።

«የማሽኑ ሳጥን አንድ ቁልፍ ነው ያለው» አለች ሸዋዬ። «የጓሮ በሩ ሁለት፣ አንዱ ሟቹ ኪስ ውስጥ። የመጋዘኑም ሁለት፤ ሀሴት መዘምራን መሃል ነበረች። ሦስቱንም የያዘ ሰው አንድ ነው። ማሽኑ አልዞረም ብሎም ሁለት ጊዜ ነግሮኛል።»

«ኢንስፔክተር» አለ አሸናፊ፤ ድምፁ አልተነሣም። «ሰው የገደለ ሰው ቆሞ ከሰል ይጨምቃል? እብድ ነው? ገድሎ አይሮጥም?»

«እኔም ያንን ስጠይቅ ነበር። መልሱን ወይዘሮ ሙሉጌጥ ነገሩኝ። ከተቦካ አያድርም። አንተ ከዝናቡ በፊት በጓሮ ገብተህ አቡክተሃል፣ እንደ ዘወትር ቅዳሜህ። ዝናቡ መጣ። አባባ ኩማ ላስቲክ ይዘው ሲሮጡ በረንዳው ላይ የነደደ ምድጃ አየህ። ከመጋዘኑ የሆቴሉን ከሰል ጨመርክበት፣ ቶሎ ይቀጣጠላል፣ ሙቀቱም ኃይለኛ ነው። ወባ የያዘው ሰው ተኝቷል። አስገባህ፣ በሩን ዘጋህ፣ መስኮቱን ቀረቀርክ። ከዚያ ልትሄድ ስትል ቡኮው ማሽኑ ውስጥ አለ። ትተኸው ብትሄድ ሰኞ ሴቶቹ የደረቀውን ሲያዩ ‹ቅዳሜ ማን ነበር እዚህ?› ይላሉ። በዚያ ላይ እዚህ የሠራ ሰው ቡኮ ጥሎ መሄድ እጁ እሺ አይለውም።»

የአሸናፊ ፊት ቀስ ብሎ ወደቀ። ሀሴት አፏን በእጇ ያዘች።

«ዓርብ ሟቹ እንዲህ ያለውን ጥቁር ፍርፋሪ ለአባባ ኩማ አሳዩ፤ ከሰል የሚያውቅ እሳቸው ናቸውና። ግራር ነው ተባሉ። አላምንም ብለው ጮኹ። ጭቅጭቁ ይሄ ነው። ሲያምኑ ሰኞ ሆቴሎቹን ሊጠሩና ይቅርታ ሊጠይቁ ወሰኑ። ሀሴት ይህንን ሳታውቀው ላንተ ነገረችህ።»

«አዎ!» አለ አሸናፊ ድንገት፤ ለኢንስፔክተሯ ሳይሆን ለወይዘሮ ሙሉጌጥ። «አዎ፣ ቀላቀልኩ! እትዬ፣ አምና ሆቴሎቹ ከሰላችንን መልሰው ሲልኩ ረሳሽው? ‹ሥጋ አይጠብስም› አሉ። እናንተ ጸለያችሁ፤ እኔ ቀላቀልኩ። ትእዛዙ የተመለሰው በጸሎት መሰላችሁ? አሥራ ሁለቱ ጠባቂዎች በየወሩ ደመወዝ የበሉት በእኔ ነው! ጋሼ ሊዘጉት ነበር እኮ፣ ሁሉንም! አንድ ቀን ዝም በሉ ብዬ ዓርብ ማታ እግራቸው ላይ ወደቅኩ።»

«ዛፉን ከየት አመጣኸው?» አሉ ወይዘሮ ሙሉጌጥ።

አሸናፊ ጥቁር የታሰረበትን እጀታውን ጎተተ።

«ከየት አመጣኸው አሸናፊ? የጠባቂዎቹን ተራ የምታወጣው አንተ ነህ። ወዴት ላክሃቸው፣ በየት በኩልስ አስቆረጥክ?»

«ዳር ዳሩን ነው» አለ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ቀጠነ። «መሃሉን አልነካሁም። ዳሩን ሰጥቼ መሃሉን ላተርፍ ነው፣ እትዬ።»

«ዳር ዳሩን።» ሴትዮዋ አንድ እርምጃ ቀረቡት። «ባሌስ? እሱ ዳር ነበር ወይስ መሃል?»

ሞገስ ከኩማ እጅ ካቴናውን ሲፈታ ቁልፉ ሁለት ጊዜ አምልጦት ወደቀ። ሦስተኛው ላይ ፈታውና አሸናፊ እጅ ላይ አሰረው። አሸናፊ አልታገለም፤ ሲወስዱት በስድስተኛው ረድፍ ጎን ሲያልፍ ከጣውላው ጫፍ ሊወድቅ ያለ አንድ ብሪኬት በታሰሩ እጆቹ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገው። ለምን እንዳደረገው ራሱም የሚያውቅ አይመስልም።

ወይዘሮ ሙሉጌጥና ኩማ ፊት ለፊት ቀሩ።

«ሁለት ቀን ሙሉ ረገምኩዎት» አሉ ወይዘሮ ሙሉጌጥ።

«ሰምቻለሁ» አሉ ኩማ። «ጣቢያው ድረስ ይሰማል።»

«አባባ ኩማ...»

«ልጄ፣ ስምንት ሰዓት አለፈ። ሰውየው ይጠብቀናል።»

*

የሐዋሳ ሰው ወሬ ፈጣን ነው። ቀብሩ ላይ ሲደርሱ ሁሉም አውቆ ነበር፤ ጠዋት የረገመው ሁሉ ለኩማ መንገድ ለቀቀላቸው፣ አንዳንዱም ዓይኑን መሬት ላይ አደረገ። አሥራ ሁለቱ የደን ጠባቂዎች በዩኒፎርማቸው ተሰልፈው ቆመዋል። የመጪው ወር ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ አንዳቸውም አያውቁም፤ አንዳቸውም አልጠየቁም። መዘምራኑ ዘመሩ፣ ሀሴትም መሃላቸው ቆማ ነበር።

ሬሳው ወረደ። አካፋዎቹ አራት ነበሩ። እንደ ወጉ ወንዶቹ ትንሽ ጣል ጣል እያደረጉ ለሚቀጥለው ይሰጣሉ። አንዱን አካፋ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ከሰው እጅ ተቀብለው በራሳቸው እጅ ለኩማ አቀበሉ።

ኩማ ጀመሩ። የሌሎቹ ሦስት አካፋዎች ባለቤቶች ተቀያየሩ፣ እንደገናም ተቀያየሩ። እሳቸው አልተቀየሩም። ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ጋር ተጣበቀ፣ ትንፋሻቸው እያፏጨ ይሰማ ነበር፤ ሰዉ «በቃዎት» ሲላቸው አልሰሙም።

በመጨረሻ ሞገስ ከኢንስፔክተሯ ጎን ወጣ። ኮቱን አውልቆ ለማያውቀው ሰው አስያዘና ሽማግሌው አጠገብ ሄዶ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«አባባ፣ ይስጡኝ። ላግዝዎት።»

ኩማ ቀና አሉ። ያሰራቸውን ሰው ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። አልተቆጡም፣ ፈገግም አላሉ።

«ቆይ» አሉት። «እኔ ገና ነኝ።»

ጎንበስ ብለውም ቀጠሉ።